ኤክስፖ 67 ለሞንትሪያል ያወረሰው

የሞንትሪያልን የምድር ውስጥ ባቡር ካርታ በጥሞና ያየ ሰው አንድ ጉድለት ያገኛል። አረንጓዴው መስመር 1፣ ብርቱካናማው 2፣ ቢጫው 4፣ ሰማያዊው 5 ተብለው ተቆጥረዋል፤ 3 የሚባል ግን የለም። መስመር 3 በእቅድ ላይ ነበረ። ነባሩን የባቡር ሐዲድ ተከትሎ፣ በሞን ሮያል ተራራ ሥር በሚያልፈው ዋሻ አድርጎ ወደ ሰሜን እንዲዘልቅ ታስቦ ነበር። በ1962 መጨረሻ ከተማዋ ኤክስፖ 67 የተባለው የ1967ቱ የዓለም ዐውደ ርእይ አዘጋጅ ስትሆን ቅድሚያ የሚሰጠው ነገር ተለወጠ። ጎብኚዎችን በወንዙ መካከል ወዳሉት ደሴቶች የሚያደርስ መስመር አስቸኳይ ሆነና 4 ቁጥር ቀድሞ ተቆፈረ። 3 ቁጥር ወረቀት ላይ ቀረ።

ይህ ጽሑፍ የሚከታተለው ለስድስት ወር የተዘጋጀ አንድ ትርኢት በአንዲት ከተማ ላይ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የሚዘልቅ አሻራ እንዴት እንዳሳረፈ ነው። ስለ ኤክስፖ 67 ውርስ ሲነሣ ብዙዎች ወደ ሕንፃዎቹ ይጠቁማሉ። በእኔ ግምት ግን ዐውደ ርእዩ ለሞንትሪያል ካመጣላት ነገር ሁሉ የሚበልጠው ማንም ሊያራዝመው የማይችል ቀነ ገደብ ነው። ያ ቀን አስቀድሞ የተጀመረውን አስጨረሰ፣ ሊከራከሩበት የሚገባውን አዘለለ፣ በመጨረሻም ከተማዋን ከአቅሟ በላይ አስደፈረ። መልካሙም ክፉውም ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው። (ዓመታቱም ቀኖቹም በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው፤ ዐውደ ርእዩ የተከፈተበት የ1967 ሚያዝያ በእኛ 1959 ዓ.ም. ነው።)

ሞስኮ የተወችው ዕድል

የ1967ቱ ዐውደ ርእይ መጀመሪያ የተሰጠው ለሞስኮ ነበር። ዓመቱ የጥቅምት አብዮት 50ኛ ዓመት የሚከበርበት ነበርና ሶቭየት ኅብረት አጥብቃ ጠየቀች፤ ካናዳም ፌዴሬሽን የሆነችበትን 100ኛ ዓመት ለማክበር ተወዳድራ በ1960 በጠባብ የድምፅ ልዩነት ተሸነፈች። በ1962 ሚያዝያ ግን ሶቭየቶች ሐሳባቸውን ለውጠው ተዉት። የሞንትሪያል ከንቲባ ዣን ድራፖ ይህን ሲሰሙ አላመነቱም። በዚያው ዓመት ኅዳር ፓሪስ የሚገኘው የዓለም አቀፍ ዐውደ ርእዮች ቢሮ ዝግጅቱን ለሞንትሪያል ሰጠ። የቀራት ጊዜ ከአምስት ዓመት ያነሰ ነበር።

ቦታ መምረጥ ራሱን የቻለ ክርክር ነበር። ዙሪያውን ያሉት ማዘጋጃ ቤቶች እያንዳንዳቸው ወደ ራሳቸው ይስቡ ነበር፤ የመሬት ደላሎችም ወሬው ወዴት እንደሚያዘነብል ጆሯቸውን አቁመው ይጠባበቁ ነበር። ድራፖ ያመጡት መፍትሔ ገና ያልነበረ መሬት ነው። በቅዱስ ሎውረንስ ወንዝ መካከል ያለችውን የሴንት ኤለን ደሴት ማስፋት፣ ከጎኗም ኖትር ዳም የምትባል አዲስ ደሴት ከውኃ ውስጥ ማውጣት። መሬቱ ስላልነበረ ቀድሞ የገዛው ሰው አልነበረም፤ ከጎረቤት ማዘጋጃ ቤቶችም አንዱ ተመርጦ ሌላው የሚያኮርፍበት ምክንያት ጠፋ። ፖለቲካውን በአንድ እርምጃ የፈታ ውሳኔ ነበር። ለመሐንዲሶቹ ግን ከባዱን ሥራ አሸከማቸው።

ሥራው በ1963 ነሐሴ በይፋ ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ኃላፊዎች ግን በዚያው ዓመት ሥራቸውን ለቀቁ፤ በኮምፒውተር የተደረገ ስሌትም ዐውደ ርእዩ በምንም መንገድ በጊዜው ሊደርስ እንደማይችል ተነበየ። ቦታው ለግንባታ የተረከቡት በ1964 ሰኔ ሲሆን እስከ መክፈቻው የቀረው 1,042 ቀን ብቻ ነበር። የግንባታው ኃላፊ ኮሎኔል ኤድዋርድ ቸርችል ያኔ አዲስ የነበረ የሥራ አመራር ዘዴ ይዘው መጡ። ዘዴው እያንዳንዱን ሥራ ይዘረዝርና የትኛው የትኛውን እንደሚጠብቅ ያያይዛል፤ ከዚያም አንድ ቀን ብትዘገይ ሁሉንም የምታዘገየውን ሰንሰለት ለይቶ ያወጣል። ትኩረት፣ ገንዘብና ሠራተኛ ወደዚያች ሰንሰለት ይዞራል። በመክፈቻው ዕለት ከአንድ ሕንፃ በቀር ሁሉም ዝግጁ ነበር። ያልደረሰው የመኖሪያ ሕንፃ ሐቢታት 67 ነው፤ እሱን ግን በሥራ ላይ እንዳለ ለጎብኚ አሳዩት።

አፈርና ዋሻ

ደሴቶቹን ለመሥራት 25 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሙሌት ያስፈልግ ነበር። በሞንትሪያል እስከ ዛሬ እንደ ዕውቀት የሚነገረው ደሴቶቹ በሙሉ ከሜትሮው (ከምድር ውስጥ ባቡሩ) ቁፋሮ በወጣ አፈር ተሠሩ የሚል ነው። ታሪኩ ደስ ቢልም ልኩን አልፏል፤ ከሜትሮው የመጣው ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ያህል ነው። የቀረው በወንዙ ዳርና ዳር ካሉ የድንጋይ ካባዎች ተጭኖ መጣ። እሱም ስላልበቃ መሐንዲሶቹ የሚሞላውን ስፋት ለመቀነስ በደሴቶቹ ውስጥ ኩሬና ቦይ እንዲገባ አደረጉ። ዛሬ በኖትር ዳም ደሴት በቦዮቹ ዳር የሚዝናና ሰው ለውበት ታስቦ የተሠራ ይመስለዋል። ነገሩ የአፈር እጥረት ነበር።

ሜትሮው ራሱ የዐውደ ርእዩ ልጅ አይደለም። ቁፋሮው የተጀመረው በ1962 ግንቦት፣ ሞንትሪያል ዐውደ ርእዩን ከማግኘቷ ከወራት በፊት ነው። ከዚያ በፊት ለአሥርት ዓመታት እቅድ ሲወጣ ሲሻር ኖሯል። ዐውደ ርእዩ የጨመረለት ቀን ነው። የመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች በ1966 ጥቅምት 14 ተመረቁ፤ በወንዙ ሥር የሚያልፈው ቢጫው መስመር በ1967 ሚያዝያ ሥራ ጀመረ። ባቡሮቹ እንደ ፓሪስ አንዳንድ መስመሮች በጎማ ነው የሚሄዱት። ጎማው ድምፅ ይቀንሳል፣ ዳገት ያወጣል፤ በረዶ ላይ ግን አይሆንም፤ ስለዚህ መስመሩ አንድም ቦታ ወደ ውጭ ሳይወጣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከመሬት በታች ሆነ። ጣቢያዎቹን የተለያዩ አርክቴክቶች እንዲነድፏቸው ተደረገ፤ አንዱ ሌላውን አይመስልም። ለመክፈቻው የተገዙት 369 ፉርጎዎች ቀስ በቀስ እየተተኩ የመጨረሻዎቹ ከአገልግሎት የወጡት በ2018 ነው፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏቸው ነበር።

ከዚህ ጎን ሌላ ባቡር ማስታወስ ያስፈልጋል። ኤክስፖ ኤክስፕረስ የሚባል፣ ለዐውደ ርእዩ ብቻ ተብሎ ወደ ደሴቶቹ የተዘረጋ፣ ለዘመኑ እጅግ ዘመናዊ የነበረ ነፃ ባቡር ነበር። ትርኢቱ ካለቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆመ፤ ፉርጎዎቹም የሚፈልጋቸው ጠፍቶ ባከኑ። በአንድ ዘመን፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ጥድፊያ ከተሠሩት ሁለት ባቡሮች አንዱ የዕለት ኑሮ አካል ሆነ፣ ሌላው ጠፋ። ልዩነቱ አንደኛው ከዐውደ ርእዩ በፊት የከተማው ሰው ይፈልገው የነበረ መሆኑ ነው። ከሌሎች አዘጋጅ ከተሞች ታሪክ ጋር ሲመሳከርም ይህ መለያ ብዙ ጊዜ የሚሠራ ይመስለኛል፤ ከትርኢቱ በፊት ባለቤት ያለው ሥራ ከትርኢቱ በኋላም ባለቤት አያጣም።

ቢጫው መስመር ግን የቀነ ገደብን ሌላ ገጽ ያሳያል። በ1967 ሲከፈት ሦስት ጣቢያ ነበረው፤ ዛሬም ሦስት ነው። በወንዙ ማዶ ያለችው ሎንጌይ መስመሩ እንዲራዘምላት ለአሥርት ዓመታት ስትጠይቅ ኖራለች። ጥያቄው ከ1967ቱ ይልቅ ዛሬ ብዙ ተሳፋሪ አለው፤ የሚያስቸኩል ቀን ግን የለውም።

የፈረሰው ሠፈር

ከቪክቶሪያ ድልድይ ጫፍ፣ በባቡር ግቢና በፋብሪካዎች መካከል የተጨመቀች ቪክቶሪያታውን የምትባል ትንሽ ሠፈር ነበረች፤ ነዋሪዎቿ ጉስ ቪሌጅ ይሏታል። ጥቂት ጎዳናዎች፣ የጡብ ቤቶች፣ አንድ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት። 1,500 ያህል ሰው ይኖርባት ነበር፤ አብዛኛው የአየርላንድና የጣሊያን ዝርያ ያለው ሠራተኛ ነው። በአካባቢው ከዚያ የቀደመ ሐዘንም አለ። በ1847 ከረሃብ ሸሽተው በመርከብ የመጡ 6,000 ያህል አየርላንዳውያን በተስቦ ሞተው የተቀበሩት እዚያ ነው። በ1859 ድልድዩን የሠሩት ሠራተኞች ያቆሙላቸው ጥቁር ቋጥኝ ዛሬም በመኪና መንገድ መካከል ቆሟል።

በ1964 ጉስ ቪሌጅ ሙሉ በሙሉ ፈረሰች። የተሰጠው ምክንያት ቤቶቹ ያረጁና ለጤና የማይመቹ ናቸው የሚል ነው። ሠፈሯ ወደ ዐውደ ርእዩ በሚወስደው መንገድ ላይ መገኘቷ ግን ለማንም የተሰወረ አልነበረም። ከመፍረሳቸው በፊት የከተማው ፎቶ አንሺዎች በየቤቱ እየቆሙ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር እየሰጡ አነሡ፤ ፎቶዎቹ ለካሳ ግምትና ለመዝገብ ነበሩ። ዛሬ በከተማዋ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ በመስኮት ብቅ ያለች ሴት፣ ደረጃ ላይ የተቀመጡ ልጆች ይታይባቸዋል። ባዶ የፈራረሰ መንደር አይመስልም።

በቦታው የመጣው አውቶስታድ የተባለ ስታዲየምና የመኪና ማቆሚያ ነው። ስታዲየሙ በ1970ዎቹ መጨረሻ ፈረሰ። ለአሥራ ጥቂት ዓመታት አገልግሎት አንድ ሙሉ ሠፈር ተነቀለ ማለት ነው። ይህን ሳስብ የሚቆጨኝ ነዋሪው የተነሣበት ፍጥነት ነው። ስለ ደሴቶቹ ወራት የፈጀ ክርክር ተደርጓል፤ ስለ ጉስ ቪሌጅ የተደረገው ክርክር ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የሐዋርያዊ ሥራ ያህል የተቀደሰ ቀን ከፊት ተቀምጦ ድሃ ሠፈር «ቆዩ» የሚልበት ድምፅ አልነበረውም። የኤክስፖ 67ን ስኬት የሚተርኩ ብዙ ጽሑፎች ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል ወይም ጭራሽ አይጠቅሱትም። ከሒሳቡ ውጭ ሊቀር ግን አይገባም።

ከወንዙ ጋር የነበረው ግንኙነትም ተጎድቷል። ጎብኚ በፍጥነት እንዲገባ ተብሎ የተሠራው የቦናቬንቸር ፈጣን መንገድ የከተማዋን እምብርት ከውኃው ለየ። በአምዶች ላይ ተሰቅሎ መሐል ከተማ ይገባ የነበረው ክፍል የፈረሰው ከ2016 ጀምሮ ነው፤ በቦታው ተራ ጎዳናና የእግረኛ መናፈሻ ተሠራ።

ያ በጋ

ዐውደ ርእዩ ሚያዝያ 28 ለሕዝብ ተከፈተ። 62 አገሮች ተሳተፉ። በሦስተኛው ቀን ብቻ ከ569,000 በላይ ሰው ገባ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሲዘጋ የተመዘገበው ጉብኝት ከ50 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ የካናዳ ሕዝብ ያኔ 20 ሚሊዮን ገደማ ነው። ለወቅቱ ሙሉ መግቢያ የገዛ ሰው ፓስፖርት የመሰለ ደብተር ይሰጠው ነበር፤ በየአገሩ ፓቪሊዮን (የማሳያ ሕንፃ) በገባ ቁጥር ማኅተም ይመታለታል። በአውሮፕላን ሄዶ የማያውቅ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆቹን ይዞ በአንድ ቀን ሕንድን፣ ጃፓንን፣ ቼኮስሎቫኪያን ይዞራል። ያደጉት ልጆች ያንን ደብተር እስከ እርጅና ያስቀመጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ኢትዮጵያም ነበረች። በርካታ የአፍሪካ አገሮች በአንድ የጋራ ስፍራ ሲያሳዩ እኛ የራሳችን ፓቪሊዮን ነበረን፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዐውደ ርእዩን ከጎበኙት መሪዎች መካከል ነበሩ። ለንጉሠ ነገሥቱ ሞንትሪያል የምትገኝባት ፈረንሳይኛ ተናጋሪዋ ክፍለ ሀገር ኬቤክ እንግዳ አገር አልነበረችም። ከጦርነቱ በኋላ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን እንዲያስተዳድሩ፣ በ1950 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን እንዲያቋቁሙ የጠሯቸው በአባ ሉሲየን ማት የሚመሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያን ኢየሱሳውያን ነበሩ። በዚያ ዘመን ኮሌጅ የበጠሱ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያ መምህራን ከዚያው ምድር የመጡ ናቸው።

ሌላው እንግዳ ግን አገር አናወጠ። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎል ዐውደ ርእዩን ለመጎብኘት መጥተው ሐምሌ 24 ቀን ከሞንትሪያል ማዘጋጃ ቤት ሰገነት ላይ «ነፃዋ ኬቤክ ለዘላለም ትኑር» ብለው ጮኹ። የካናዳ መንግሥት ተቆጣ፤ ደ ጎልም ወደ ዋና ከተማዋ ኦታዋ ሳይሄዱ ተመለሱ። የካናዳን አንድነት 100ኛ ዓመት ለማክበር የተዘጋጀ መድረክ የመገንጠልን ጥያቄ ለዓለም አሰማ። የኬቤክ ብሔርተኝነት ከዚያ በፊትም ነበረ፤ ይህን ያህል ሰሚ ግን አግኝቶ አያውቅም።

ፍቅር ያላዳናቸው ሕንፃዎች

የዓለም ዐውደ ርእይ ደንብ ግልጽ ነው፤ ሲያልቅ ይፈርሳል። ድራፖ ግን ሕዝቡ የወደደውን ማፍረስ አልሆነላቸውም። ከ1968 ጀምሮ «ሰውና ዓለሙ» በሚል ስም በየበጋው ትርኢቱ እንዲቀጥል አደረጉ። ፓቪሊዮኖቹ ግን ለአንድ ወቅት የተሠሩ ነበሩ። ጣሪያቸው አፈሰሰ፤ የሞንትሪያል ክረምት በስስ ግድግዳ አይቀለድበትም። አገሮቹ ተራ በተራ ሄዱ፣ ጎብኚውም ቀነሰ፣ ጥገናው የከተማዋ ዕዳ ሆነ። በ1984 ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ አብዛኛው ሕንፃ ወይ ፈርሷል ወይ ሊፈርስ ተቃርቧል። በዚያ ዓመት የነበረው ኤክስፖ 67 ሳይሆን ሬሳው ነበር፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከመቅበር ይልቅ ማስታመም ተመረጠ። ያን ሁሉ ገንዘብ ጥቂት የተመረጡ ሕንፃዎችን በደንብ ለማጽናት ቢያውሉት ኖሮ የተሻለ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ተነቅለው የሄዱት የተሻለ ዕጣ ገጠማቸው። የሶቭየት ፓቪሊዮን ተፈታትቶ ወደ ሞስኮ ተጓዘና በዚያው የኤግዚቢሽን ግቢ ተተከለ፤ የዩጎዝላቪያው በኒውፋውንድላንድ የባሕረኞች ሙዚየም ሆነ።

በቦታቸው ከቀሩት ውስጥ የሁለቱ ታሪክ ብዙ ያስተምራል። የአሜሪካ ፓቪሊዮን በበክሚንስተር ፉለር የተነደፈ፣ ስፋቱ 76 ሜትር የሆነ የብረት ጉልላት ነው፤ ላዩ ብርሃን በሚያስተላልፍ አክሪሊክ በተባለ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ነበር። በ1976 ግንቦት 20 በጥገና ላይ ሳለ ከብየዳ የተነሣ እሳት አክሪሊኩን በግማሽ ሰዓት ገደማ በላው። ብረቱ ቆመ። ለዓመታት ባዶውን አጥር ተደርጎበት ከቆየ በኋላ በ1995 የአካባቢ ጥበቃ ሙዚየም ሆነ፤ ዛሬ ባዮስፌር በመባል የከተማዋ መታወቂያ ነው። ጉልላቱን ያዳነው የቱሪስት ብዛት ሳይሆን የራሱ ሥራ ያለው ተቋም መምጣቱ ነው። የፈረንሳይና የኬቤክ ፓቪሊዮኖችም በተመሳሳይ መንገድ ተረፉ፤ በ1993 የኬቤክ መንግሥት ሎተሪ ድርጅት ካዚኖ አደረጋቸው። ለሰው ልጅ ዕውቀትና ወንድማማችነት የተሠራ ቤት ቁማር ቤት መሆኑ ሆድ ያባባል። ጣሪያው አለማፍሰሱ ግን በዚያ ገንዘብ የመጣ ነው።

ሐቢታት 67 ለብቻው መታየት አለበት። ሞሼ ሳፍዲ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ለመመረቂያው ካዘጋጀው ንድፍ ተነሥቶ በሃያዎቹ ዕድሜው የሠራው ነው። 354 የኮንክሪት ሳጥኖች እዚያው በተተከለ ፋብሪካ ተመርተው በክሬን እየተነሡ እርስ በርስ ተደራረቡ፤ 158 መኖሪያ ቤት ወጣቸው። የአንዱ ቤት ጣሪያ ለላይኛው ጎረቤት የአትክልት ሰገነት ነው። ሐሳቡ በከተማ መሐል ተጨናንቆ ለሚኖር ተራ ቤተሰብ እንደ መንደር ቤት አየርና ግቢ መስጠት ነበር። የመጀመሪያው እቅድ ከ1,000 በላይ ቤቶች፣ ትምህርት ቤትና ሱቅ ያለው ሠፈር ነው። መንግሥት የፈቀደው ግን ጥቂቱን ክፍል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተሰናከለው። በፋብሪካ የሚመረት ቤት ርካሽ የሚሆነው ብዙ ሲመረት ነው። ቅርጹ፣ ፋብሪካው፣ ክሬኑ የወጣባቸው ገንዘብ ለ1,000 ቤት ሲካፈልና ለ158 ሲካፈል አንድ አይደለም። እያንዳንዱ ቤት እጅግ ውድ ሆኖ ወጣ፤ ያየው ሁሉ አደነቀ፣ ደግሞ የሠራው ግን የለም። በ1985 መንግሥት ሕንፃውን ለተከራዮቹ ማኅበር ሸጠው። ዛሬ በቅርስነት ተመዝግቧል፤ በሚገባ ተጠብቋል፤ የሚኖርበትም ባለ ገንዘብ ነው። ተገጣጣሚ ቤት አይሳካም ለሚሉ ሰዎች ሐቢታት እንደ ማስረጃ ሲጠቀስ እሰማለሁ። ሐሳቡ ግን በሙሉ መጠኑ አንድም ጊዜ አልተሞከረም።

ማን ከፈለ?

ዐውደ ርእዩ ከ210 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ጉድለት አስመዘገበ። በስምምነቱ መሠረት ግማሹን የፌዴራል መንግሥት፣ 37.5 በመቶውን የኬቤክ መንግሥት፣ 12.5 በመቶውን ደግሞ ከተማዋ ተሸከሙ። ይህ ክፍፍል ስለ ኤክስፖ 67 በሚጻፈው ውስጥ ከሚገባው በታች ይነገራል። ሞንትሪያል ሁለት ደሴት፣ ድልድዮች፣ የወንዝ ሥር የባቡር መስመርና የዓለም ዝና ይዛ ስትቀር ከኪሳራው የደረሳት ከስምንት አንድ እጅ ነው። በዚህ ሒሳብ ዐውደ ርእዩ ለከተማዋ እጅግ ትርፋማ ነበር።

ከዚህ የተወሰደው ትምህርት ግን የተሳሳተ ሆነ። ድራፖ ትልቅ ነገር ሲጀመር ገንዘቡ በራሱ ጊዜ ይመጣል ብለው አመኑ። በ1970 የ1976ቱን ኦሊምፒክ ለሞንትሪያል አስገኙ። ወንድ ሊወልድ እንደማይችል ሁሉ ኦሊምፒኩም ሊከስር አይችልም ማለታቸው እስከ ዛሬ ይጠቀስባቸዋል። በዚህ ጊዜ ኦታዋ እንደ ኤክስፖው ጉድለቱን ለመሸከም አልፈቀደችም። ስታዲየሙ በሥራ ማቆም አድማ፣ በዋጋ ንረትና በተወሳሰበ ንድፉ ሲጎተት ወጪው ጣሪያ ነካ፤ የስታዲየሙ ግንብ በውድድሩ ወቅት እንኳ አልተጠናቀቀም። የቀረው ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው በ2006 ነው፤ ለዓመታት የከፈለውም በሲጋራ ላይ በተጣለ ግብር የኬቤክ አጫሽ ነው። ያንን ኦሊምፒክ እኛም በሌላ ምክንያት እናስታውሰዋለን። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ ኢትዮጵያን ጨምሮ የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ረግጠው ወጡ፤ ምሩፅ ይፍጠርም ሞንትሪያል ላይ ሳይሮጥ ቀርቶ ወርቆቹን ለመውሰድ እስከ 1980ዋ ሞስኮ መጠበቅ ነበረበት።

ኦሊምፒኩን ያለ ኤክስፖ 67 ማሰብ አይቻልም። ድራፖ፣ አማካሪዎቻቸውና ሕዝቡ በ1,042 ቀን የማይቻለውን ሲያደርጉ አይተዋል። ያ ድፍረት ከሜትሮውም ከደሴቶቹም የበለጠ ውድ ውርስ ሆነ፤ የተከፈለበትም በሌላ ደረሰኝ ስለሆነ በኤክስፖው ሒሳብ ላይ አይታይም።

ዝናው ሊያደርግ ያልቻለውንም መናገር ተገቢ ነው። በ1967 ሞንትሪያል የካናዳ ትልቋ ከተማ ነበረች። አሥር ዓመት ሳይሞላ ቶሮንቶ በለጠቻት። የባንክና የኢንሹራንስ ሥራ ወደ ምዕራብ መሳብ የጀመረው ከዐውደ ርእዩ በፊት ነው፤ በ1976 ኬቤክ የመገንጠል አቋም ያለውን ፓርቲ ስትመርጥና በቀጣዩ ዓመት የፈረንሳይኛ ቋንቋ ሕግ ሲወጣ ታላላቅ ኩባንያዎች ዋና መሥሪያ ቤታቸውን ይዘው ሄዱ። ከዐውደ ርእዩ ስሙን ወስዶ በ1969 የተቋቋመው ኤክስፖስ የቤዝቦል ቡድን እንኳ ከ2004 በኋላ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ተዛወረ። 50 ሚሊዮን ጉብኝት የኢኮኖሚን አቅጣጫ አላስቀየረም።

ደሴቶቹ ዛሬ

ደሴቶቹ አሁን በድራፖ ስም የሚጠራ የሕዝብ መናፈሻ ናቸው። በኖትር ዳም ደሴት ለኦሊምፒክ የተሠራ የቀዘፋ ገንዳ አለ፤ ከ1978 ጀምሮ የፎርሙላ 1 የመኪና እሽቅድምድም የሚካሄደው በዚያው ዙሪያ ነው፤ የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈው የኬቤኩ ልጅ ዢል ቪልነቭ ነበርና መንገዱ በስሙ ተሰየመ። የመዋኛ ዳርቻ አለ፣ የበጋ የሙዚቃ ፌስቲቫል አለ፣ ላ ሮንድ የተባለው የልጆች መዝናኛ ከ1967 ጀምሮ አልተዘጋም። የአሌክሳንደር ካልደር ግዙፍ የብረት ሐውልትም ከወንዙ ትይዩ ቆሟል።

ይህ ሁሉ ወጪ አለው። ከውኃ የወጣ መሬት ዳርቻው በየጊዜው ይሸረሸራል፣ ድልድዮቹ ያረጃሉ፤ መክፈቻው የተካሄደበት የመንግሥታት አደባባይ ለአሥርት ዓመታት ሣር በቅሎበት፣ ኮንክሪቱ ተሰነጣጥቆ ነበር። መናፈሻው ገቢ ለማግኘት ብዙ ኮንሰርትና ውድድር ማስተናገድ አለበት፤ ብዙ በተስተናገደ ቁጥር ደግሞ በእግሩ የሚዘዋወረው የከተማው ሰው ቦታው ይጠብበታል። በወንዙ ማዶ የሴንት ላምበርት ነዋሪዎች ከደሴቶቹ የሚመጣውን የድምፅ ማጉያ ጩኸት በመቃወም ለዓመታት አቤት ብለዋል። ከተማዋና ጎረቤቶቿ ስለዚህ ድምፅ ልክና ሰዓት ሲደራደሩ ኖረዋል።